ጅማ ቁጭ ብሎ ዲያኒ ላይ ቤት መግዛት፦ ስለ አንድ የባህር ዳርቻ ቤት አሻሻጭ ቢሮ

እናቴ የመሰላት ጣና ነው። እህቴ ከሚኒሶታ ደውላ «እማ፣ ባህር ዳር ቤት ልገዛ ነው» ስትላት «ጅማ ምን አጣሽና ነው እዛ ድረስ የምትሄጂው፣ እኛ ሞተናል ወይ» ብላ ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳችላትም። ኧረ ከተማዋ አይደለችም፣ እውነተኛው ባህር ነው፣ ኬንያ ሞምባሳ፣ ያውም ከሞምባሳ በሊኮኒ ፌሪ ተሻግሮ ዲያኒ የሚባል ቦታ ነው ብዬ ሳስረዳት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት።

ለማንኛውም ይሄን የምጽፈው ጅማ ፈረንጅ አራዳ በኩል ፎቅ ላይ ስለተከፈተው «ውጭ ሀገር ባህር ዳርቻ ቤት እናሻሽጣለን» ስለሚለው ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፣ አንደኛ የእህቴ ገንዘብ ገና ተመልሶ አላለቀም፣ ሁለተኛ ደግሞ እንደነሱ የሚሰራ ሌላም ሞልቷል ስለዚህ ስሙን ሳይሆን አሰራሩን ብታውቁት ይሻላል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፣ አንዱ ለቡናው ነው አንዱ ለአንድ ልጅ ነው፣ ስለ ልጁ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ መርካቶ ጋ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው የምሰራው። የቤት ሽያጭ ውል ስተይብ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ ስንት ሰው ካርታ ሳያይ ቀብድ ከፍሎ ሲያለቅስ እዛችው ወንበር ላይ አይቻለሁ። ለዛ ነው እህቴ «ሂድና አንተ እየው፣ እኔ በስልክ ሁሉም ነገር ያምርብኛል» ያለችኝ። ሃያ ዓመት ነርስነት ሰርታ ያጠራቀመችው ነው፣ ሀሳቧ ዓመት ዓመት መጥታ የምታርፍበት፣ በሌላው ጊዜ የምታከራየው፣ ከሀገር ቤትም ብዙ የማይርቅ ቤት ነው። ሀሳቡ ላይ ምንም ችግር የለበትም።

ቢሮው ሲገቡበት ያምራል፣ እውነት ለመናገር። መሃል ላይ በመስታወት የተሸፈነ ሞዴል አለ፣ ባህሩ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ጥፍር የማያህሉ ጃንጥላዎች አሸዋው ላይ ተተክለዋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ ቀኑን ሙሉ ማዕበል ያሳያል። ከሌዘር ሶፋው አጠገብ ደግሞ የጅማ በርጩማ ደርድረው አንዲት ልጅ ቡና ትቆላለች። ቡናው የምር ቡና ነው፣ የሊሙ ነው አለችኝ፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጣሁ፣ ማንም አያስቸኩልህም። በኦሮምኛም በአማርኛም ያናግሩሃል፣ አክብሮታቸው አንደኛ ነው። የጅማ ባንኮች ግማሹን ቢማሩ አልኩ በሆዴ።

ብሮሸሩ ላይ በደማቁ አራት ነገር ተጽፏል፦ ፍሪሆልድ (መሬቱ ያለ ጊዜ ገደብ የራስህ ነው ማለት ነው)፣ ከባህሩ 0 ሜትር፣ ታክስ ፍሪ፣ በዓመት 9 ፐርሰንት ትርፍ። ዋጋው 120 ሺህ ዶላር፣ ለማስያዝ 2 ሺህ ዶላር። ሻጩ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ቤት የዘላለም ነው፣ ለልጅ ልጅ ነው የሚተላለፈው» አለኝ። ካርታው ይታያል ወይ ስለው «ኦንላይን ነው» አለኝ፣ ኦንላይን ከሆነ ክፈተውና አሳየኝ ስለው ኔትወርክ የለም አለ፣ ቲቪው ላይ ግን ማዕበሉ ከዩቲዩብ እየመጣ ነው። እኔ እዚህ ጋ መነሳት ነበረብኝ። እህቴ ግን «ቦታው እንዳያመልጠኝ» ብላ 2 ሺውን ላከች፣ እኔም አልከለከልኳት፣ ይሄ ጥፋት የጋራ ነው።

ከዛ በኋላ ነው እህቴ የሚሻለውን ነገር ያደረገችው፣ ሞምባሳ ያለ የራሷን ጠበቃ ያዘች። ቢሮው «እኛ ጠበቃ አለን፣ ለምን ትከፍያለሽ» ብሏት ነበር፣ ግን የሻጭ ጠበቃ የሻጭ ነው፣ ይሄ ጅማም ሆነ ኬንያ አይቀየርም። የኬንያ የጠበቆች ማህበር ድረ ገጽ ላይ የጠበቃውን ስም ስታስገቢ የዛ ዓመት ፈቃዱ መታደሱን ያሳይሻል፣ በነጻ ነው፣ እሷም መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

የጠበቃው የመጀመሪያ ኢሜል የብሮሸሩን የመጀመሪያ ቃል ጣለው። የኬንያ ሕገ መንግሥት፣ በፈረንጅ 2010 የወጣው፣ አንቀጽ 65 ላይ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት በሊዝ ብቻ ነው የሚይዘው ይላል፣ ከ99 ዓመት አይበልጥም። ወረቀቱ ላይ ፍሪሆልድ ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ እንደ 99 ዓመት ሊዝ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ «የዘላለም» የሚባለው ነገር ለውጭ ዜጋ ከነጭራሹ የለም፣ የሚሸጠው ልጅ ባያውቅ እንኳ ብሮሸሩን ያሳተመው ሰው ያውቃል። እኔ ግን 99 ሲባል ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው፣ እኛስ ጋ የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት አይደል እንዴ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 721 እሱን አይደል የሚለው፣ በ99 ዓመት ቤት ሰርተን ልጅ እያሳደግን ነው። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጠበቃው መዝገብ ቤት ሄዶ ሰርች ሲያደርግ መሬቱ ፍሪሆልድ ሆኖ አያውቅም፣ ከድሮም ሊዝ ነው፣ ሊዙ የጀመረው በፈረንጅ 1978 ነው። በ2025 ስትገዢው ሰዓቱ ካንቺ አይጀምርም፣ ከ1978 ጀምሮ እየቆጠረ ነው የመጣው፣ በ2077 ያልቃል፣ ማለት 52 ዓመት ነው የቀረው። እህቴ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ ለሷ ይበቃታል፣ «ለልጅ ልጅ» ለሚለው ግን አይበቃም። ማደስ ይጠየቃል፣ ግን ያኔ ማን ምን እንደሚል ዛሬ ማንም ፈርሞ አይሰጥሽም። ዋጋው ላይ ይሄ መታየት ነበረበት፣ 52 ዓመት የቀረውን ቤት በ99 ዓመት ዋጋ መግዛት ግማሽ ኩንታል ቡና በኩንታል ዋጋ እንደመግዛት ነው።

ይሄን ይዤ ቢሮ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ። ፈገግ ብሎ «ለሱማ መላ አለው፣ ኬንያ ውስጥ በስሟ ካምፓኒ ትክፈትና ካምፓኒው ይግዛ፣ ካምፓኒው ኬንያዊ ነው» አለኝ። ይሄንንም ለጠበቃው ላክንለት፣ የመለሰው በአንድ መስመር ነው፦ ያው አንቀጽ 65 ካምፓኒ እንደ ዜጋ የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ የዜጎች ሲሆን ብቻ ነው ይላል። አንድ አክሲዮን እንኳ የሷ ከሆነ ዜጋ አይደለም። ወይ በኬንያዊ ስም ታስገዛዋለች፣ ያ ደግሞ ቤቱን መስጠት ማለት ነው፣ በሰው ስም ቤት ገዝቶ ያበደ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ ሱቅ ኑ።

አሁን ወደ 0 ሜትሩ። እህቴ በሰኔ እረፍቷ መንገዷን በሞምባሳ አድርጋ ዲያኒ ሄደች። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው በዋትስአፕ ቪዲዮ እሷ ነጭ አሸዋ ላይ ናት፣ ዛፍ ላይ ዝንጀሮ ይዘላል፣ መጀመሪያ እኔም ሸጋ ነው ልግዛ አልኩ። ከዛ ሳይቱ ላይ ከሚሰራ ግንበኛ የ50 ሜትር ሜትር ተዋሰች። ባህሩ ሞልቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ የጠቆረ የባህር ሣር መስመር ሰርቶ ይታያል፣ ከሱ ላይ ጫፉን ረግጣ ግንበኛው እየጎተተ ሄደ፣ ወደ መዋኛ ገንዳው ጠርዝ ሲደርስ «ስንት ነው?» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ስልኩን አስጠግታ አሳየችኝ፣ 38 ይላል። የብሎክ አንድ በረንዳ 44። ግንበኛው ምን እየለካች እንደሆነ ገብቶታል መሰለኝ ሜትሩን ቶሎ ብሎ ጠቀለለ።

ለምን ተለካ ብትሉ፣ ኬንያ ውስጥ ባህር ፊት ለፊት ያለ የመንግሥት መሬት ለሰው ሊሰጥ ሲቀየስ ከሙላቱ መስመር ወደ ላይ 60 ሜትር ለመንግሥት እንዲቀር ነው የቅየሳ ደንቡ የሚለው። ድሮ የተቀየሱ ቦታዎች ከዛ ገባ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ 38 ሜትር ላይ ገንዳ ስላየሽ ብቻ ሕገ ወጥ ነው ማለት አትችዪም፣ የቅየሳ ፕላኑን ማየት አለብሽ፣ የቦታው ድንበር የት ጋ እንደሚያልቅ እሱ ላይ ነው ያለው። ደግሞ አሸዋው ራሱ የማንም አይደለም፣ የሕዝብ ነው፣ አጥረሽ «የኔ ቢች» ማለት የለም፣ ሻጩ ብሮሸር ላይ «የግል ቢች» ያለው ያው ሰው የሚያልፍበት፣ ግመል የሚከራይበት አሸዋ ነው። ለግንባታው ደግሞ ኔማ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የካውንቲው የጸደቀ ፕላን ያስፈልገዋል። ጠበቃው ሦስት ወረቀት ብቻ ጠየቀ፦ የቅየሳ ፕላኑን፣ የኔማ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን የግንባታ ፕላን። ቢሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ወረቀት ላከ፣ ከፍቼ ሳየው ለኔማ ማመልከቻ ሲያስገቡ የከፈሉበት ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ! ይሄ እኮ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የተመዘገብክበትን ወረቀት ለትራፊክ እንደማሳየት ነው። ውሃ ዳር ያለ ቤት ምን ማለት እንደሆነ፣ አዌቱ የሚያልፍባት ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

ታክስ ፍሪ የሚለው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነውና። ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊት ጠየቅኩት፣ «ታክሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እኛ የምንሸጠው ቤት ነው» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው ለሱ። ኬንያ ውስጥ ስትገዢ ቴምብር ቀረጥ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ከሆነ 4 ፐርሰንት፣ ከዛ ውጭ 2 ፐርሰንት፣ የሚከፍለው ገዢ ነው፣ የሚሰላው ደግሞ የመንግሥት ገማች ባወጣው ዋጋ ነው እንጂ እናንተ ውል ላይ በተስማማችሁት ብቻ አይደለም። እኛ ጋ 2 ፐርሰንት ነው፣ እሱንም ውል ላይ ዋጋ አሳንሰው ጻፍልን የሚሉኝ ስንት ናቸው። ለሷ በ4 ስናሰላው 4,800 ዶላር መጣ፣ የጠበቃ ክፍያ ከነ 16 ፐርሰንት ቫቱ ለብቻው ነው። የታክስ ፒን (የግብር ከፋይ ቁጥር) ማውጣት ግድ ነው፣ ያለሱ ዝውውር የለም። ከዛ በየዓመቱ ለመንግሥት የመሬት ኪራይ፣ ለካውንቲው ደግሞ የቦታ ግብር አለ፣ ብዙ አይደለም ግን ሻጩ ስንት ዓመት ሳይከፍል እንደቆየ ካላየሽ ውዝፉ አንቺ ጋ ይመጣል፣ የክሊራንስ ወረቀት የሚጠየቀው ለዛ ነው።

ትልቁ ኪራዩ ነው። ብሮሸሩ በወር 900 ዶላር ይከራያል ይላል፣ በዓመት 10,800፣ ለ120 ሺህ ስታካፍይው ልክ 9 ፐርሰንት። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ያለቀው ግን እዛ ነው። ኬንያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከፍለው 7.5 ፐርሰንት ነው፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ፣ በፊት 10 ነበር። ሻጮቹ ታክስ ስትይ እየሳቁ ይቺን 7.5 ነው የሚነግሩሽ። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን፣ ማለት ሚኒሶታ ያለች እህቴ፣ 30 ፐርሰንት ነው የሚቆረጥባት፣ ያውም ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ፣ ጥገና ወጪ ምናምን ሳይቀነስ። ከ10,800 ላይ 3,240 ሄደ። የጋራ አገልግሎት ክፍያው በወር 120 ነው፣ ለገንዳውና ለዘበኛው፣ 1,440 ሄደ። 6,120 ቀረ። ይሄ አንድም ቀን ባዶ ሳይሆን ነው፣ በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢያድር ደግሞ ወደ 4,860 ይወርዳል፣ 9 ፐርሰንት የተባለው 4 ፐርሰንት ሆነ ማለት ነው። ይሄን ሱቄ ውስጥ ካልኩሌተር ላይ ሰርቼ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ስልክላት «እስቲ ድገመው» አለችኝ፣ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ስትሸጪውም አለ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከትርፉ ላይ 15 ፐርሰንት ነው፣ በፊት 5 ነበር። በ120 ገዝታ በ150 ብትሸጠው ወጪዋ ከመቀነሱ በፊት 4,500 ዶላር። እኛም ጋ ቤት ሲሸጥ የካፒታል ጌይን 15 ፐርሰንት ነው፣ እሱ አልገረመኝም፣ የገረመኝ ቢሮው ውስጥ አንድም ሰው ቁጥሩን አለማወቁ ነው።

ደግሞ እሷ አሜሪካዊ ዜጋ ናት። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢያገኝ የትም ታክስ ትጠይቀዋለች፣ የዲያኒው ኪራይ እዛም ሪፖርት ይደረጋል፣ ኬንያ የከፈለችውን ግን ታካክስላታለች ስለዚህ ሁለቴ ሙሉ አትከፍልም። ለኪራዩ ኬንያ ባንክ አካውንት ከፍታ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ከነካ ማሳወቅ አለባት፣ ካላሳወቀች ቅጣቱ ከባድ ነው። ይሄን የነገራት የራሷ አካውንታንት ነው፣ ዳያስፖራ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉለት።

ቢሮው ግድግዳ ላይ ሌሎችም ፖስተሮች አሉት፣ ዛንዚባር፣ አንታሊያ፣ ሻርም ኤል ሼክ። ስለሱ ብዙ አልልም፣ አንድ ከሰዓት ተቀምጬ አየሁትና ሁሉም ጋ ያው ነው። ዛንዚባር መሬቱ ለውጭ ሰው አይሸጥም፣ በፈረንጅ 2010 በወጣ ሕግ አፓርታማ ውስጥ ቤት መያዝ ይቻላል፣ አለበለዚያ ሊዝ ነው፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ግን ግቢ ያለው ቪላ ነው። ሻርም ኤል ሼክ ሲና ውስጥ ስለሆነ ለውጭ ዜጋ የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አይሰጥም፣ ግብፅ ደግሞ ከባህሩ 200 ሜትር ውስጥ ያለ ፈቃድ አታስገነባም። ቱርክ የባህር ዳርቻ ሕጓ 100 ሜትር ነው የሚይዘው፣ የመጀመሪያው 50 ሜትር ላይ ምንም ሕንፃ አይቆምም፣ ስለዚህ አንታሊያ ላይ «በረንዳህ ባህሩ ላይ» የሚል ካያችሁ ወይ ከሕጉ በፊት የተሰራ ነው ወይ ፎቶሾፕ ነው። የስም ዝውውሩ 4 ፐርሰንት ነው፣ በሕጉ ለሁለት የሚካፈል ነው ግን በተግባር ገዢው ላይ ነው የሚወድቀው። ፖስተሩ ላይ «በ250 ሺህ ዶላር የቱርክ ፓስፖርት» ይላል፣ እሱ በ2022 ወደ 400 ሺህ ወጥቷል፣ ፖስተሩን እንኳ አልቀየሩትም፣ ቤቱን ደግሞ ሦስት ዓመት መሸጥ አትችልም።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የማላልፈው አለ። ሁለተኛ ጊዜ በሄድኩበት ቀን አንድ ቡና ነጋዴ ሀጂ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ የማውቃቸው ሰው ናቸው፣ ወረቀት ሁሌ እኔ ጋ ነው የሚያሰሩት። ሥራ አስኪያጁ «ሀጂ፣ እርስዎ አይጨነቁ፣ እዚህ በብር ይክፈሉን፣ እኛ እዛ በዶላር እንጨርሳለን» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እህቴ ገንዘቧ ውጭ ነው ያለው፣ ሀጂ ግን ጅማ ናቸው። ባንክ ሄደው ሞምባሳ ቤት ልገዛ ነው ዶላር ስጡኝ ቢሉ አይሰጣቸውም፣ ብሩ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ገበያ መር ከሆነ በኋላም ለዚህ ዓይነቱ በሩ አልተከፈተም። እዚህ በብር እዛ በዶላር የሚባለው ሀዋላ ነው፣ በጥቁር ገበያ ነው፣ ቢያዝ ሀጂ ናቸው የሚያዙት፣ ቤቱ ቢቀር ደግሞ ደረሰኝ የላቸውም፣ የት ሄደው ይከሳሉ? ደረጃው ላይ ተከትያቸው ወርጄ «ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጣልቃ ልገባ ነው» ብዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ ከዛ «አንተ ልጅ፣ እኔ ቡናውን ልጠጣ ነው የመጣሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እስካሁን አልከፈሉም።

ስለ ልጁ ልንገራችሁ ብያለሁ። ያ «ለልጅ ልጅ» ያለኝ ሻጭ፣ ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጥቶ ነው እዚህ የገባው፣ ደመወዝ የለውም፣ ኮሚሽን ብቻ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ሲቪ ሊያስፕሪንት መጣ። «ዲያኒ ሄደህ ታውቃለህ?» ስለው ሳቀ፣ «ጋሼ፣ እኔ ባህር የሚባል አይቼ አላውቅም፣ ሐዋሳ ነው የሩቁ» አለኝ። ከዛ ወረቀቱን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «የማስያዣው ውል ገጽ አራትን እንደገና ያንብቡት» አለኝና ሄደ። አነበብኩት። ብሮሸሩ ላይ «ማስያዣ አይመለስም» ይላል፣ ውሉ ገጽ አራት ላይ ግን በትንንሽ ፊደል «ሻጭ በ60 ቀን ውስጥ የባለቤትነትና የግንባታ ፈቃድ ሰነዶችን ካላቀረበ ማስያዣው ይመለሳል» ይላል። አስራ አንድ ዓመት ውል የምተይብ ሰውዬ ይሄን ሳላየው ፈረምን፣ አፈርኩ። አንዱ ኮከብ የሱ ነው።

60 ቀኑ ሲሞላ በጽሑፍ ጠየቅን፣ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ማህተም አስመትቼ። ከዛ «ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ነው»፣ ከዛ «ፋይናንስ የለችም»፣ ከዛ ቡና። አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ በባጃጅ ብቻ ያወጣሁት ራሱ አንድ ነገር ነው። በአምስተኛው 1 ሺህ ዶላር ለእህቴ ገባላት፣ ሌላው 1 ሺህ «በሂደት ላይ» ነው።

እንግዲህ እንዳትሄዱ አልልም። የምትሄዱ ከሆነ ግን ሞዴሉን ከማየታችሁ በፊት የካርታውን ቁጥር ጠይቁ፣ በቁጥሩ በራሳችሁ ጠበቃ ሰርች አስደርጉ፣ ሊዙ የጀመረበትን ዓመት እዩ፣ መሬቱ እርሻ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ተዉት፣ ኬንያ የእርሻ መሬት ለውጭ ዜጋ እንዲተላለፍ የመሬት ቦርዱ አይፈቅድም፣ ርካሽ ሆኖ ትንሽ ከባህሩ ገባ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አፓርታማ ከሆነ በ2020 ባወጡት ሕግ ለየቤቱ የራሱ ካርታ እንደወጣለት ጠይቁ። የኪራዩን ሂሳብ በ30 ፐርሰንት ራሳችሁ ስሩት። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ይሄን አይሰራላችሁም፣ ቢሰራላችሁም አትመኑት።

እህቴ ሀሳቧን አልተወችም፣ ያው ጠበቃ ሌላ ቤት እያየላት ነው፣ ከባህሩ ሁለተኛ ረድፍ፣ ውሃው በረንዳ ላይ ሆነሽ በዛፎቹ መሃል ትንሽ ብቻ ይታይሻል አላት፣ ሊዙ ላይ ግን 81 ዓመት ቀርቶታል፣ ወረቀቱም ተሟልቷል። እናቴ አሁንም ጣና ነው የምትለው።

ቢሮው ቴሌግራም ላይ ስላስገባኝ መልእክቱ ይደርሰኛል። ዛሬ ጠዋትም «ዲያኒ የመጨረሻ 3 ቤቶች ብቻ ቀሩ፣ ፍጠኑ» ብለዋል። ግንቦት ላይም ሦስት ነበሩ።